ከሦስት ሜትር ላይ

ሸጎሌ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለሊሚ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛልኝ። የሰማይ አምላክ አንቺንም የተቀበለሽንም አገር ይጠብቅ። እኔና ባለቤቴ ዓለምነሽ፣ እሷ ከጉልበቷ እኔ ከጆሮዬ በቀር፣ በጣም ደህና ነን።

ምናልባት ረስተሽኝ ይሆናል። አያትሽ ወይዘሮ ንግሥት የእናቴ ታናሽ እህት ነበሩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁሽ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጨርሰሽ ከእናትሽ ጋር እኛ ዘንድ የመጣሽ ጊዜ ነው። ያን ቀን ግቢ ውስጥ በጌን ስታባርሪ ዋልሽ።

ስልክ ላይ የሚባለውን ግማሹን ብቻ ስለምሰማ ደብዳቤ ይሻለኛል። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፣ ጎረቤታችን ጀዊሪያ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። የስልኩ ፊደል ስለሚያንስብኝ ያንቺንም መልስ እሷው ታነብልኛለች። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ ደግ ሴት ናት። ምስጢር ግን አትችልም። ይኸው ይህን ስጽፍ በትከሻዬ ላይ እያየች ትስቃለች።

ናይሮቢ ውስጥ የጎልፍ ክበብ ጽሕፈት ቤት እንደምትሠሪ እናትሽ ነገረችኝ። እኔም እኮ ጡረታ እስክወጣ ሃያ ስምንት ዓመት የጎልፍ ሜዳ ሣር ሳጭድ ነው የኖርኩት። ሰኞ ሰኞ አባላቱ ስለማይመጡ እኛ ሠራተኞቹ እንጫወት ነበር። ስለዚህ የምጠይቅሽ አይጠፋሽም። ኳሷ እንደ ጺም የተላጨው ሣር ላይ ደርሳ፣ ጉድጓዷ ጋ ለመድረስ ሦስት ሜትር ሲቀራት፣ እንጀራው ያልሆነ፣ ለደስታው ብቻ የሚጫወት ሰው ከአሥር ስንቱን ያስገባል?

ለምን ጠየቀ አትበይኝ። መልሱን ብቻ ላኪልኝ።

ዘመድሽ ቶለሳ

*

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017

ለጋሼ ቶለሳ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የእትዬ ዓለምነሽ ጉልበትስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። እንዴት እረሳዎታለሁ! በጉን ግን እኔ አላባረርኩትም፤ እሱ ነው እኔን ሲያባርረኝ የዋለው። እስከ ዛሬ በግ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

እኔ እዚህ የምሠራው ማን በስንት ሰዓት እንደሚጫወት መመዝገብ ነው፤ የጎልፉን ዱላ በእጄ ይዤ አላውቅም። ስለዚህ የሚያውቁትን ጠየቅኩልዎት። ሃያ ዓመት የተጫወተ አንድ ጠበቃ አለ፤ ለማሰብ እንኳ ሳይቆም «ከሦስት ሜትር? ከአሥር ሰባት» አለኝ። አንድ ሐኪም ደግሞ «ከሦስት ሜትር የሚስት ሰው ቤቱ ይቀመጥ» ብሎ ሳቀ። አንዲት መምህርት ግማሹ ይገባል አለች። እንግዲህ ቢያንስ አምስት፣ ጎበዝ ከሆነ ሰባት ማለት ነው።

አትጠይቂኝ ስላሉኝ አልጠይቅም፤ ግን ለምንድን ነው?

አክባሪዎ ሊሚ

*

ሸጎሌ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017

ለሊሚ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልስሽ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። እኔም የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር።

ዓለምነሽ ሰላም ብላሻለች።

ቶለሳ

ሊሚ፣ ይሄ ደግሞ እኔ ጀዊሪያ ነኝ፤ እሱ ሳያየኝ ነው ከታች የምጽፈው። አንቺ ምን አድርገሽው ነው እህቴ? ደብዳቤሽን ካነበብኩለት ቀን ጀምሮ ይኸው ከወር በላይ ሰውየው ሰው አልሆነም። ግቢው ውስጥ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ መሬት ቀብሮ፣ ዙሪያውን ሣር አብቅሎ፣ ጠዋት ጠዋት ያቺን ነጭ ኳስ ያንከባልል ነበር። እኛም ሱቅ ከመክፈታችን በፊት አጥር ላይ ተደግፈን እናየዋለን፤ ደስ ይል ነበር። አሁን ዱላውን አልጋ ሥር ከቶታል። ሣሩን በጉ እየጋጠው ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ከአሥር ሰባት» ይለኛል። ሰባት ምን? በአላህ አንድ ነገር አድርጊ።

*

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

ለጋሼ ቶለሳ፤

ጌታ ቤትዎን ይባርክ። ጀዊሪያ ይህን ጮክ ብለው ሲያነቡልዎት ቁጭ ብለው ያዳምጡኝ። በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እርስዎ የጠየቁኝ፣ ሰዎች የሚሠሩትን ነበር፤ እኔ ግን የላክሁልዎት ሰዎች የሚያወሩትን ነው።

የቢሮዬ መስኮት በቀጥታ የመጨረሻውን ጉድጓድ ያሳያል። የሣሩን ሠራተኛ ለምኜ ከጉድጓዷ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያውን ትንንሽ ነጭ ነጥብ እንዲቀባልኝ አደረግኩ። ከዚያ ሦስት ቅዳሜና ሦስት እሁድ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ኳሷ ነጥቦቹ ላይ ወይም እዚያው አጠገባቸው ያረፈች እንደሆነ ብቻ ነው የጻፍኩት።

መቶ ሰማንያ ሰባት ጊዜ መቱ። የገባችው ሠላሳ ስምንት ጊዜ ነው።

ደግሜ ቆጠርኩት፤ ያው ነው። ከአሥር ሁለት ማለት ነው ጋሼ! ከአምስት አንዷ! ያ «ከአሥር ሰባት» ያለኝ ጠበቃ አሥራ አራት ጊዜ መትቶ ሁለት አስገባ። ቤቱ ይቀመጥ ያለው ሐኪም ከዘጠኝ አንድ። ሲስት እንዴት እንደተቆጣ ቢያዩት! ሣሩን ጎንበስ ብሎ መረመረው፣ ዱላውን አገላብጦ አየው፣ ሰማዩን ሁሉ አየ። አንዷ ስትገባ ግን እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ያወራላታል። ለካ ሁሉም የገባችውን ነው የሚያስታውሱት። የሳቷትማ የዝናቡ ናት፣ የነፋሱ ናት።

እርስዎ ግን በተቃራኒው ይመስሉኛል። የትኛዋን ኳስ ነው የማይረሷት? ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ሊሚ

*

ሸጎሌ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017

ለምወድሽ ለልጄ ለሊሚ፤

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው! እጅሽ አይደክም! ጀዊሪያ «ሠላሳ ስምንት» ብላ ስታነብ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ጆሮዬ ነው ብዬ እኮ ነው። ከዚያ ዱላዬን አወጣሁ፤ በጉንም አሰርኩት።

አሁን ልንገርሽ። ዳኜ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ሃያ ስምንቱን ዓመት ጎን ለጎን ነው ያጨድነው። ምሳችን ከአንድ ሳህን፣ ጨዋታችንም አንድ ላይ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሁለታችንም ጡረታ ልንወጣ ወር ሲቀረን፣ ለሠራተኞች የዋንጫ ጨዋታ ተደረገ። ሁለት ሁለት ሰው እየሆኑ አንዷን ኳስ በተራ መምታት ነው። እኔና ዳኜ እየመራን እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ደረስን። ሦስት ሜትር ቀረን። ተራው የኔ ነው። ከገባች ዋንጫው የኛ ነው።

ዳኜ ተንበርክኮ ሣሩን አየና «አንድ ጣት ወደ ግራ» አለኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ዓይኑን አምኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን መቶ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ዱላው ዞረብኝ። ወደ ግራ ልመታት ስል ወደ ቀኝ ሄደች። የጉድጓዷን ከንፈር ታክካ አለፈች።

ዳኜ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞኝ ሄደ። በማግስቱ ሥራ ላይ ዓይኔን አላየም። የቀረችንን ወር እንደ ባዕድ ጨረስናት። እሱ ሽሮ ሜዳ፣ እኔ ሸጎሌ፤ ታክሲ ተሳፍሮ መድረስ ሲቻል እንዲህ ተራራቅን። እናቱ ሲሞቱ እንኳ ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ፣ ሳልጨብጠው ተመለስኩ። ያችን ቀላል ኳስ ባስገባ ኖሮ እያልኩ ስንት ዓመት! ለዚህ ነው ቀላል መሆኗን የጠየቅኩሽ። አንቺም መጀመሪያ ከአሥር ሰባት ስትይኝ፣ «አዎ፣ ሕፃን የሚያስገባትን ነው የሳትኩት» አልኩ።

ለካ ቀላል አልነበረችም። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሄጄ ላናግረው ወይስ ነገሩ ይቅር? ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አንቺ የምትይኝን አደርጋለሁ፤ ቶሎ ጻፊልኝ።

ቶለሳሽ

*

ናይሮቢ፣ የካቲት 3 ቀን 2017

ለጋሼ ቶለሳ፤

እንደምን ከረሙ? ጥምቀትስ እንዴት አለፈ? ቶሎ ጻፊልኝ ብለውኝ ይህን ያህል ስዘገይ ምን እንዳሰቡ ሳስብ ፊቴ ይቀላል። ጀዊሪያ አራት ጊዜ «አለሽ ወይ?» ብለው ልከውልኛል። አለሁ። እንዳያስቡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ያ ጠበቃ የቆጠርኩበትን ደብተር አየው። የራሱን ስምና «14፣ 2» የሚለውን አነበበ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «አባላታችንን ትሰልያለሽ እንዴ?» አለኝ። እስኪጣራ ድረስ መስኮት ወደሌለው ክፍል አዛወሩኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መባረሬን ስጠብቅ ነበር። ለእርስዎ ብጽፍ ደግሞ «በኔ ጥያቄ የተነሣ ነው» ብለው ሌላ ሸክም እንደሚጨምሩ ስለማውቅ አልጻፍኩም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠበቃው ክፍሌ ድረስ መጣ። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ተነሣሁ። «ቁጭ በይ» አለኝ። «ትናንት ማንም ሳያየኝ ሃያ ኳስ ይዤ ወጣሁ። ከሦስት ሜትር።»

«እና ስንት ገባ?»

«አራት።»

 ከዚያ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «ሃያ ዓመት ከየጨዋታው በኋላ ራሴን እየተሳደብኩ ቤቴ እገባለሁ። ለካ እንደ ሰው ነው የተጫወትኩት።» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ራሱ ሥራ አስኪያጁን አነጋግሮ ወደ መስኮቴ አስመለሰኝ። አሁን ቁጥሩ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ የማንም ስም ግን የለበትም። ሰው እየቆመ ያነባል፣ ይስቃል፣ ሐኪሙ ብቻ አላምንም ብሏል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ይሂዱ! ዛሬውኑ ይሂዱ። ግን ይህን ቁጥር እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ይዘው አይሂዱ። ለመከራከር ሳይሆን ለመጠየቅ ይሂዱ።

አክባሪዎ ሊሚ

*

ሸጎሌ፣ የካቲት 10 ቀን 2017

ለልጄ ለሊሚ፤

ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥረው፣ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። በኔ ጣጣ ከመስኮትሽ መነሣትሽን ስሰማ ግን ልቤ ቆስሏል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትደብቂኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጀዊሪያ ጋር ታክሲ ተሳፍረን ሽሮ ሜዳ ወረድን። ዳኜ ከጡረታ በኋላ ወደ አባቱ ሙያ ተመልሶ ሸማ ይሠራል። ጀዊሪያ የምትሸጠውን ጋቢ ከዚያው ሰፈር ስለምትረከብ ቤቱን ታውቀዋለች። ጉድ እኮ ነው፣ ስንት ዓመት ስሙን ሳልጠራላት ኖሬ፣ እሷ በየወሩ ደጁን ስትረግጥ!

በሩ ክፍት ነበር። ዳኜ እግሩን የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ ድሩ ፊቱ ተዘርግቶ ይሠራል። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል። ቀና አለና አየኝ። ሊነሣ ፈለገ፤ ግን ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት ብሎ ቶሎ ይነሣ? ቢፈልግ እንኳ ማምለጫ አልነበረውም።

«ቶለሳ» አለኝ።

«ዳኜ» አልኩት። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ስለዚያች ኳስ።»

ሊሚ፣ ሰውየው ማለቀስ ጀመረ። መወርወሪያውን አስቀምጦ «አንተ ነህ እኔን ይቅርታ የምትጠይቀኝ?» አለ። «ያን ዕለት ጠዋት ያንን ሣር ያጨድኩት እኔ ነኝ እኮ! ቀጥ ያለ መሆኑን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሲበዛ ደንግጬ ወደ ግራ አልኩህ። አንተ አምነኸኝ መታህ፣ ዋንጫችን ሄደ። በምን ዓይኔ ልይህ?»

እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። ጀዊሪያን ዞር ብዬ «ምን አለ?» አልኳት። ጮክ ብላ ደገመችልኝ።

«ዳኜ፣» አልኩት፣ «ኳሷ እኮ ወደ ግራ አልሄደችም። ዱላው ዞሮብኝ ወደ ቀኝ ነው ያለፈችው!»

«ወደ ቀኝ?»

«ወደ ቀኝ!»

«ኧረ በእመቤቴ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«አንተስ አጠገቤ ቆመህ አላየሃትም እንዴ?»

አንገቱን ደፋ። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ። «ፈርቼ።»

ያኔ ጀዊሪያ መጀመሪያ ሳቀች። የዚህች ሴት ሳቅ አይቻልም። ከዚያ እኔ፤ ከዚያ ዳኜ፣ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ፣ ድሩ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ሰው ሞተ እንዴ ብላ ደነገጠች። እሱ እኔን አሳስቻለሁ ብሎ ሲሸሽ፣ እኔ እሱን አዋርጃለሁ ብዬ ስሸሽ፣ አሥራ አንድ ዓመት! ምሳ ሳንበላ አልለቀቁንም። ያንቺን ቁጥር የነገርኩት ከምሳ በኋላ ነው። ያ ጠበቃ ራሱን ሲሳደብ መኖሩን ስነግረው «ምስኪን» አለ። ከዚያ «እኛስ?» አለና እንደገና ሳቅን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዬ ዝጎ ተበላሽቷል። እውነተኛውን፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውን ጣሳ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልን። «ላኪልን» ያልኩት ልብ በይ።

ቶለሳሽ

*

ናይሮቢ፣ የካቲት 24 ቀን 2017

ለጋሼ ቶለሳና ለጋሼ ዳኜ፤

ሁለታችሁንም ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤውን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ እንዴት እንደሳቅኩ! አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች።

የሣሩ ሠራተኛ ታሪካችሁን ስነግረው አሮጌ ግን ደህና ጣሳ ሰጠኝ፤ ከነባንዲራው እንጨት። ለንግድ የሚመላለስ አማን የሚባል የሰፈራችሁ ልጅ በሳምንቱ መጨረሻ ይዞት ይመጣል። ጠበቃውም ስድስት ኳስ ጨምሯል።

እኔም ልናዘዝ፦ ባለፈው ሰኞ ከሥራ በኋላ ሰው ሲሄድ ዱላ ይዤ ሞከርኩ። ከአሥር ዜሮ። በጣም ደስ አለኝ፤ ዛሬም ልሄድ ነው። እናንተስ ስንት ስንት ታስገባላችሁ? እውነቱን ቆጥራችሁ ላኩልኝ፤ በአፍ አልቀበልም።

ልጃችሁ ሊሚ

*

ሸጎሌ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

ለልጃችን ለሊሚ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ጣሳው ደርሷል፤ ባንዲራውም ቆሟል። ከአጥር ውጭ ስለሚታይ መንገደኛ «ምን መሥሪያ ቤት ነው?» እያለ ይጠይቃል። ዳኜ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። ሣሩን በተራ እናጭደዋለን፤ በበጋው ዓለምነሽ ልብስ ያለቀለቀችበትን ውሃ እያጠጣን አቆይተነዋል።

ቆጥራችሁ ላኩ ስላልሽ ትናንት፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተን ውድድር አደረግን። ሕጉ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ኳስ፣ ከሦስት ሜትር። በጀዊሪያ ሜትር ለካነው፤ ጨርቅ የምትለካበት ስለሆነ ማንም አልተከራከረም። የበግ ነጋዴዎች መጡ፣ ሸማኔዎች ከሽሮ ሜዳ መጡ፣ የታክሲ ሾፌሩ ይርጋለም መኪናውን ደጅ አቁሞ ገባ። ከጨዋታው በፊት ሁሉም ስንት እንደሚያስገባ እንዲናገር አደረግን፤ ዓለምነሽ ጻፈች። ስድስት ያለ አለ፣ ስምንት ያለ አለ። ይርጋለም «አሥሩንም» አለ።

ይርጋለም አንድ አስገባ። «መሬታችሁ ጠማማ ነው» ብሎ ጮኸ። ዳኜ እጁን ይዞ «ና ወንድሜ፣ ቁጭ በል፤ እንኳን አንተ የናይሮቢ ሐኪምም ከዘጠኝ አንድ ነው» አለው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሳተ ሁሉ ተጨበጨበለት። ሲስት ጭብጨባ፣ ሲገባ እልልታ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም።

ሃያ አራት ሰው፣ ሁለት መቶ አርባ ኳስ፤ የገባው አርባ አንድ። ከናንተ ትንሽ ብናንስም ሜዳችን ከበግ የተረፈ ነው። ዳኜ ሦስት፣ እኔ ሁለት። ሻምፒዮኗ ግን ጀዊሪያ ናት፤ በነጠላ ጫማ፣ ዱላ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ አምስት! «አልሐምዱሊላህ» ብላ ዱላውን እንደ ሰንደቅ ይዛ ግቢውን ዞረች። ይህን ስታነቢ የምትሰሚው ጩኸት የሷ ነው፤ «ስድስተኛዋም በከንፈሩ ነው የወጣችው፣ ጻፍ» እያለችኝ ነው።

ሰዉ ተበትኖ ሲያበቃ እኔና ዳኜ ኳሶቹን ሰበሰብን፣ ሣሩን በእጃችን አስተካከልን። ኮቱን ደርቦ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና፣ ድሮ ከሥራ ስንወጣ ማታ ማታ እንደሚለው፣

«ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለኝ።

ሊሚዬ፣ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ ነው የኖርኩት።

«በማለዳ» አልኩት። «ጤዛው ሳይደርቅ።»

ይኸው ደብዳቤውን ሳልጨርስ በሩን እያንኳኳ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ደህና ሁኚልን።

ቶለሳ